ካማረ ፎቶ «አይሆንም» የሚል ሰው

ዛሬ ላጫውታችሁ የመጣሁት ስለ አንድ የቆየ ጉዳይ ነው። «ምነው፣ ወሬ አልቆ ነው እንዴ የድሮ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚነሣው?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግድ የለም ታገሡኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚሁ እኛ ዘንድ፣ በሚቀጥለው ወር በምናካሂደው የትምህርት ክፍላችን የተማሪዎች ማኅበር ምርጫ ላይ ነው።

ቀኑ ጥር 12 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ቀን 2009 መሆኑ ነው። እኔ ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዕለቱ ቃና ዘገሊላ ስለነበር ታቦት ሸኝተን፣ ጠላውም ዳቦውም ቀርቦ፣ የሰፈሩ ሰው ዲሽ ያለው ጎረቤታችን ቤት ተሰብስቧል። እንደ ዕድል ሆኖ መብራትም አልጠፋም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ባራክ ኦባማ አብርሃም ሊንከን በማሉበት መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጃቸውን ጭነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ መጽሐፉን የያዙላቸው ባለቤታቸው ሚሼል ነበሩ።

አክስቴ ይህን ስታይ፣ «ሰውየውን ተዉት፣ እሷን ተመልከቱልኝ! ዓይኗ ከሱ ላይ ይነቀላል? እንዲህ ያለች ሚስት ያለችው ሰው አገር መምራት አያቅተውም» አለች። ጡረታ የወጡት መምህር ጎረቤታችን ደግሞ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ «እኔ የማየው ሹመቱን ነው። ስትፎካከረው የከረመችውን ሴት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርጎ መሾም ቀላል ነገር አይደለም። ይሄ ልጅ ሆደ ሰፊ ነው» አሉ። ወሬው ሲያልቅ ቤቱ በሙሉ ተስማማ፤ ትዳሩ የሰመረ፣ ሹማምንቱ የተመረጡ፣ ስለዚህ አገሩ የሚቃና! እኔም ይህንኑ ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ለብዙ ዓመታትም አልለቀቅኩትም።

አሁን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሆኜ ነገሩን መለስ ብዬ ሳየው፣ አክስቴም መምህሩም ያዩት ነገር ውሸት አልነበረም። ግን ሁላችንም የሳትነው ነገር አለ። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ነው። (ከዚህ በኋላ የአሜሪካውን ጉዳይ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሰው ምን አየ?

ኦባማ ኖቬምበር 4 ቀን 2008 ከተመረጡ በኋላ ሥልጣን እስኪረከቡ ድረስ አሥራ አንድ ሳምንት ነበራቸው። በነዚያ ሳምንታት ሕዝቡ ገና የሚመዝነው ሥራ የለውም። ሥራ በሌለበት ደግሞ ሰው የሚፈርደው በሚያየው ነው። የሚታየውም ሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛው ባልና ሚስቱ፣ ሁለተኛው ከተመራጩ ጎን የሚቆሙት ሰዎች።

ከትዳሩ እንጀምር። ሁለቱ የተገናኙት በ1989 ቺካጎ ውስጥ ሲድሊ ኦስቲን በተባለ የሕግ ቢሮ ነው። ሚሼል ቀድመው የተቀጠሩ ጠበቃ ናቸው፤ ኦባማ በትምህርት ቤት የእረፍት ወራት ለልምምድ የመጡ የሕግ ተማሪ። እንዲያውም እንዲያለማምዷቸው የተመደቡት ሚሼል ነበሩ። በ1992 ተጋቡ፤ በ1998 እና በ2001 ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። በምርጫው ምሽት ቺካጎ ግራንት ፓርክ መድረክ ላይ አራቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወጡ የዓለም ሕዝብ አየ። በሥልጣን ርክክቡ ምሽት ደግሞ ቢዮንሴ እየዘፈነች ሚሼል በነጭ ቀሚስ ከባላቸው ጋር ሲደንሱ ታዩ። ምን አለፋችሁ፣ ፎቶው የታተመ ካላንደር ይመስል ነበር።

ወደ ሹማምንቱ ስንመጣ፣ ኖቬምበር 24 ቀን የኢኮኖሚው ቡድን ተዋወቀ። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ ከወደቀ ገና ከሁለት ወር ትንሽ ቢበልጠው ነው፤ ሰው ተጨንቋል። ቲሞቲ ጋይትነር ለገንዘብ ሚኒስትርነት ታጩ። ዲሴምበር 1 ቀን ደግሞ የደኅንነቱ ቡድን ቺካጎ ላይ በአንድ መድረክ ተሰለፈ። በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ ኦባማን የተፎካከሩት ሂላሪ ክሊንተን ለውጭ ጉዳይ፤ በሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ቡሽ የተሾሙት ሮበርት ጌትስ በመከላከያ ሚኒስትርነታቸው እንዲቀጥሉ፤ ኤሪክ ሆልደር ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት፤ ጄኔራል ጄምስ ጆንስ ለብሔራዊ ደኅንነት አማካሪነት። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጆ ባይደንም ቢሆኑ በዚያው የውስጥ ምርጫ ላይ ተወዳድረው የወጡ ናቸው።

ክሊንተን በውድድሩ ጊዜ ያሠሩትን ማስታወቂያ የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋይት ሀውስ ስልክ ቢደወል ማን ቢያነሣው ትመርጣላችሁ የሚል ነበር። ስልኩን ማንሣት አይችልም የተባለው ሰው፣ እንዲህ ያሉትን ሴትዮ ስልኩ አጠገብ አስቀመጣቸው! ጋዜጠኞቹ በሙሉ የታሪክ ጸሐፊዋ ዶሪስ ከርንስ ጉድዊን በ2005 ስለ ሊንከን ካቢኔ የጻፉትን መጽሐፍ ጠቀሱ። ሊንከንም በ1860 የፓርቲያቸውን ዕጩነት የተፎካከሯቸውን ሲዋርድን፣ ቼዝንና ቤትስን ሚኒስትር አድርገው ነበርና። «የተፎካካሪዎች ቡድን» የሚለው አባባል የሁሉም አፍ መክፈቻ ሆነ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሁለቱ ፎቶዎች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ቤቱን በፍቅር የያዘ ተፎካካሪውንም በፍቅር ይይዛል ተባለ፤ ተፎካካሪውን የማረ ደግሞ በቤቱም ትሑት መሆን አለበት ተባለ። አንዱን ያዩት በሌላው ነው። አክስቴና መምህሩ በአንድ ምሽት የተስማሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ፎቶው ያላሳየው

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ሚሼል በ2018 «ቢካሚንግ» የሚለውን የሕይወት ታሪካቸውን አሳተሙ። እዚያ ውስጥ ጽንስ እንደወረደባቸው፣ ልጆቻቸውን በሕክምና እርዳታ እንዳገኙ፣ ባላቸው በፖለቲካ ምክንያት ከቤት ሲርቁ እሳቸው ሥራና ልጅ ለብቻቸው ይዘው እንደተማረሩ፣ በመጨረሻም ሁለቱ የትዳር አማካሪ ዘንድ እንደሄዱ በግልጽ ጻፉ። ብዙ ሰው ደነገጠ። «እነሱም?» ተባለ።

የሚገርመው ግን ይህ ነገር ጭራሽ ምስጢር አልነበረም። ኦባማ ራሳቸው ገና ሳይወዳደሩ፣ በ2006 ባሳተሙት «ዘ ኦዳሲቲ ኦቭ ሆፕ» ላይ ልጆቹ ትንንሽ በነበሩ ጊዜ ሚስታቸው ምን ያህል እንደተቀየሟቸው ጽፈዋል። መጽሐፉ በገበያ ላይ ነበር። ፎቶውን ያየ ሰው ግን መጽሐፉን ለማንበብ አልቸኮለም። ለምን ይቸኩላል? ፎቶው በቂ ነበራ!

ይህን ባለፈው የፋሲካ በዓል ለአክስቴ ነገርኳት። አዘነች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች። «ታዲያ ምኑ ይገርማል? እኔና አጎትህ ስንት ጊዜ በሽማግሌ ታርቀናል መሰለህ። አንተ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሠርጋችንን ፎቶ ነበር የምታየው» አለችኝ። አፌን አስያዘችኝ። አሜሪካኖቹ ባለሙያ ዘንድ ሄዱ፣ የኛዎቹ ሽማግሌ ዘንድ። ትዳሩን ያቆመው ፈገግታው ሳይሆን፣ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ዝም አለማለቱና የሚሰማ ሦስተኛ ሰው መኖሩ ነው።

የሹማምንቱ ፎቶም እንዲሁ ነው። ገና ከመጀመሪያው መሸራረፍ ጀመረ። ለንግድ ሚኒስትርነት የታጩት ቢል ሪቻርድሰን በአስተዳደራቸው ላይ በተከፈተ ምርመራ ምክንያት በጃንዋሪ 2009፣ ቃለ መሐላው ሳይደርስ ራሳቸውን አገለሉ። ለጤና ሚኒስትርነት የታጩት ቶም ዳሽል ከ140,000 ዶላር በላይ ግብርና ወለድ ዘግይተው መክፈላቸው ታውቆ ፌብሩዋሪ 3 ቀን ተሰናበቱ። ጋይትነርም ቢሆኑ በግብር ጉዳይ ተጠይቀው ሴኔቱ ያጸደቃቸው በ60 ለ34 ድምፅ ነው። የገንዘብ ሚኒስትር ሊሆን የመጣ ሰው በግብር ሲጠየቅ አስቡት እስቲ!

ከዚያም ክርክሩ መጣ። ያ ቡድን መድረክ ላይ በተሰለፈ ልክ በዓመቱ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 2009፣ ኦባማ ወደ አፍጋኒስታን 30,000 ተጨማሪ ወታደር እንደሚልኩ አስታወቁ። ወራት የፈጀ ክርክር ነው ያለፈው። ጌትስና ክሊንተን ደገፉ፤ ባይደን ብዙ ጦር መላኩን ተቃወሙ። በሜይ 2011 ቢን ላደን በተገደለበት ዘመቻ ዋዜማም ባይደን አይሆንም ካሉት ወገን ነበሩ፣ ክሊንተን ደግሞ ይሁን ካሉት። ጌትስ በ2014 ባሳተሙት ማስታወሻ የዋይት ሀውስ ሠራተኞች በመሥሪያ ቤታቸው ሥራ እጃቸውን እያስገቡ እንዳማረሯቸው ጽፈዋል። እንግዲህ ያ ሁሉ መጨባበጥ ውስጡን ለቄስ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ «ቡድኑ መጥፎ ነበር» ልል ነው? አይደለም። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ከሁሉም ነገር ዋጋ ያለው ፎቶው ያላሳየው ክርክር ነው። ባይደን በሰዎች ፊት አይሆንም ሊሉ መቻላቸው፣ ብለውም ከወንበራቸው አለመነሣታቸው ነው ቁም ነገሩ። ዳሽል በተሰናበቱበት ዕለትም ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ቀርበው ጥፋቱ የኔ ነው ማለታቸው ከብዙ ፎቶ ይበልጣል። የክርክሩ ውጤት ልክ ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ የአፍጋኒስታኑ ጦርነት እስከ 2021 መጎተቱን ሁላችንም አይተናል። ጥሩ ክርክር ጥሩ ውጤትን ዋስትና አይሰጥም። ክርክር የሌለበት ስብሰባ ግን ምን እንደሚያመጣ ታሪክ ጽፎታል።

ሦስት ቤት፣ ሦስት ካቢኔ

«የሰው ትዳር ስለ አመራሩ ይናገራል» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ላውንጅ ውስጥ ቡና ይዘን ተከራክረንበታል። እስቲ ሦስት ምሳሌ እናስቀምጥ።

አንደኛው ሊንከን ናቸው። ባለቤታቸው ሜሪ ቶድ ሊንከን በዘመናቸው እንደሳቸው የታማ ሰው አልነበረም። ዋይት ሀውስን ለማደስ ኮንግረሱ ከፈቀደው 20,000 ዶላር በላይ አወጡ ተባሉ፤ አውጥተዋልም። ወንድሞቻቸው በተገንጣዩ ጦር በኩል ስለተሰለፉም በጎሪጥ ይታዩ ነበር። ትዳሩ በሰው ዓይን አላማረም። ባልየው ግን አገሩን ከመበታተን ያተረፉ፣ ባርነትን ለማስቀረት የታገሉ መሪ ሆኑ። ካቢኔያቸውም ቢሆን በኋላ እንደሚወራው ማር ብቻ አልነበረም፤ የጦር ሚኒስትሩ ካሜሮን በግዢ ብልሹነት ክስ በ1862 ተነሡ፤ ቼዝ ሚኒስትር ሆነው የሊንከንን ወንበር ይመኙ ነበር፣ በ1864 ስንብታቸውን ሲያቀርቡ ሊንከን ተቀበሏቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሟቸው።

ሁለተኛው ጆን ኬኔዲ ናቸው። በጃንዋሪ 1961 ሥልጣን ሲይዙ ከዣክሊን ጋር የተነሡት ፎቶ የዓለምን ልብ ማረከ። ከትዳር ውጭ የነበራቸው ነገር አደባባይ የወጣው ከሞቱ ከዓመታት በኋላ ነው። አማካሪዎቻቸውም ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች የተለቀሙ ነበሩ፤ የ35 ዓመት ወንድማቸው ሮበርት ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ። ዘመድ ከዘመዱ እንዲሉ! (በ1967 ኮንግረሱ ባለሥልጣን ዘመዱን እንዳይሾም የሚከለክል ሕግ አውጥቷል።) ይህ ያማረ ቡድን ሦስት ወር ሳይሞላው፣ በኤፕሪል 1961፣ ወደ 1,400 የሚሆኑ የኩባ ስደተኞችን ፒግስ የባሕር ወሽመጥ ላይ አሳርፎ ሽንፈት ተከናነበ። አርተር ሽሌሲንገር የተባሉት አማካሪ ዕቅዱን አልወደዱትም፤ በጽሑፍም ለፕሬዚዳንቱ ገልጸዋል። በስብሰባው ላይ ግን ዝም አሉ። ዝም በማለታቸው እንደተቆጩ በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ ጽፈዋል። እኛ በክፍል የምንማረው የኢርቪንግ ጃኒስ «ግሩፕቲንክ» የተባለው ሐሳብ፣ በ1972 በመጽሐፍ የወጣው፣ ከዋና ምሳሌዎቹ አንዱ ይኸው ነው። የሚዋደዱ፣ የሚከባበሩ፣ የተማሩ ሰዎች ተሰብስበው ፍቅራቸውን ላለማደፍረስ ሲሉ ገደል ይገባሉ። ኬኔዲ ከዚህ ተማሩ፤ በኦክቶበር 1962 በኩባ ሚሳኤል ቀውስ ጊዜ ሰዎቹ በነፃነት እንዲነጋገሩ አንዳንዴ ራሳቸው ከስብሰባው ይቀሩ ነበር።

ሦስተኛው ጂሚ ካርተር ናቸው። የሳቸውና የሮዛሊን ትዳር ከፎቶም አልፎ እውነተኛ ነበር፤ ከ1946 ጀምሮ ሮዛሊን በ2023 እስኪያርፉ 77 ዓመት ዘለቀ። ሆኖም በጁላይ 1979 ካቢኔያቸውን በሙሉ መልቀቂያ እንዲያስገባ ጠይቀው አምስት ሚኒስትሮች ሄዱ፤ ሕዝቡ ቤቱ ተናጋ ብሎ አሰበ፤ በ1980 ምርጫም ተሸነፉ።

እንግዲህ ምን እንበል? ያላማረ ትዳር ከታላቅ አመራር ጋር፣ ያማረ ግን ስንጥቅ ያለው ትዳር ከውድቀትም ከድልም ጋር፣ የተባረከ ትዳር ከምርጫ ሽንፈት ጋር። በበኩሌ ከነዚህ ሦስቱ አንድ መስመር ማስመር አልቻልኩም። የቻለ መምህር ካለ ያስመርልኝ።

የሴቲቱ ዕዳ

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የባልና ሚስት ፎቶ ሲታይ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው? ሚሼል ከፕሪንስተንና ከሃርቫርድ የተመረቁ ጠበቃ ናቸው። በፌብሩዋሪ 2008 ዊስኮንሲን ውስጥ፣ በአዋቂነት ዕድሜዬ በአገሬ በእውነት የኮራሁት አሁን ነው የሚል ሐሳብ በመናገራቸው ለወራት ተብጠለጠሉ። በጁን ወር ባላቸው ዕጩነቱን ሲያረጋግጡ ቡጢ ለቡጢ በመነካካታቸው አንዲት የቴሌቪዥን አቅራቢ የአሸባሪዎች ሰላምታ ይሆን ወይ ብላ ጠየቀች። ሰላምታ እኮ ነው! በኦገስት ዴንቨር ላይ በፓርቲው ጉባኤ ስለ አባታቸው፣ ታመው ሳለ የቺካጎ ውኃ ማጣሪያ ሠራተኛ ሆነው ስላሳደጓቸው ሰው፣ ሲናገሩ ደግሞ ያው ሕዝብ «ጥሩ እናት፣ ጥሩ ሚስት» አላቸው። ሴትየዋ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ፎቶው ነው። ዋይት ሀውስ ከገቡም በኋላ እጅጌ የሌለው ልብስ ለበሱ ተብሎ ክርክር ነበር። የባላቸው ክንድ ግን ማንንም አላከራከረም።

ይህን ለምን አነሣሁት? ለመጪው ምርጫ ከቀረቡት ዕጩዎች አንዷ ሴት ናት። ስለ ዕቅዷ የሚያወራ ሰው ብዙም አልሰማሁም። ስለ ፍቅረኛዋ ግን ካፌም ላውንጅም ይወራል። ወንዶቹን ዕጩዎች ከማን ጋር እንደሚሄዱ የጠየቀ አለ? ምነው ጃል!

የኔ ኑዛዜ

ሰውን ከመምከሬ በፊት የራሴን ጉድ ላውጣ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የተማርኩት ሌላ ቦታ ነው፤ ስሙ ይቅር። የተመራቂ ተማሪዎች፣ በኛ ቋንቋ የጂሲ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ተመርጬ ነበር። አንዲት ልጅ ለጥቂት ነው የተሸነፈችልኝ። ኮሚቴ ስመሠርት እሷን ትቼ አራት የዶርሜን ልጆች አስገባሁ። ገንዘብ ያዡ ከላይኛው አልጋዬ ላይ የሚተኛው ልጅ ነው። ሰው ሁሉ «እንዴት ደስ ትላላችሁ! እንዴት ትግባባላችሁ!» ይለን ነበር። እውነትም እንግባባለን። በአራት ወር ውስጥ አንድም ቀን አልተጨቃጨቅንም።

የመመረቂያ መጽሔቱን ለማሳተም ከየተማሪው ገንዘብ ሰበሰብን። ያቺ ልጅ በሰው ልካብኝ፣ ከሦስት ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ሰብስቡ፣ ሙሉ ክፍያም አስቀድማችሁ አትስጡ አለች። እኔ ምን አልኩ? «ተሸንፋ ነው» አልኩ። ጓደኞቼም ሳቁ። ገንዘብ ያዡ የሚያውቀው ሰው አለ ስለተባለ ሙሉውን ክፍያ በአንድ ጊዜ ሰጠን። አንዳችንም «ቆይ እስቲ» አላልንም። አንደኛው ጓደኛዬ በኋላ እንደነገረኝ ጥርጣሬ ነበረው፤ ግን ማታ ተመልሰን የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ፊት መጠቋቆር አልፈለገም። ሽሌሲንገር በኛ ዶርም ተገኘ ማለት ነው!

መጽሔቱ የመጣው ከተመረቅን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስምና ፎቶ ተዘበራርቋል። የሁለት ልጆች ፎቶ ከነጭራሹ የለም። አንደኛው የገጠር ልጅ ነው። ስልክ ደውሎ አልሰደበኝም፤ እንዲህ ብቻ ነው ያለኝ፤ «አባቴ ማንበብ አይችልም። ፎቶዬን ግን ይለየው ነበር።» ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እናም መጽሔቱን ስትገልጡት መጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በከለር፣ አምስታችን ተቃቅፈን እየሳቅን አለን። ከመጽሔቱ ሁሉ በትክክል የወጣው ያ ፎቶ ብቻ ነው።

ወዳጅ የሚያስለቅሰውን፣ ጠላት የሚያስቀውን ይናገራል ይላሉ አባቶች። ያቺ ተፎካካሪዬ የሚያስለቅሰኝን ነግራኝ ነበር፤ ወዳጄ እሷ ነበረች ማለት ነው። እኔ ግን ወዳጅን በሚስቅልኝ ነበር የምለካው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

«ተቃዋሚህን ሁሉ ሰብስብ» እያልኩ አይደለም። የካሜሮንና የቼዝ ታሪክ እንደሚያሳየው ተፎካካሪን መሾም ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ ወንበር ፍለጋ የመጣም ይኖራል፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚልም አይጠፋም። መግባባትንም አልጠላም፤ ሁሌ የሚናከስ ኮሚቴ አንድ ደብዳቤ እንኳ አይጽፍም። የምለው አጭር ነው። ፎቶውን በፎቶነቱ እንየው፣ የምንፈርደው ግን በሌላ ነገር ይሁን። የዕጩዎችን የግል ሕይወት ለባለቤቱ ትተን ሦስት ጥያቄ እንጠይቃቸው።

አንደኛ፣ ከማን ጋር ነው የምትሠሩት? ከነሱ ውስጥ ካሁን በፊት ተቃውሟችሁ የሚያውቅ አለ? ሁሉም ከአንድ ዶርም፣ ከአንድ ከተማ፣ ከአንድ ባች ከሆኑ ምክንያቱን ይንገሩን።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ሲወጣ ስንት ሰው ይፈርማል? ደረሰኙንስ እኛ የት እናየዋለን? ማኅበራችን የሚሰበስበው ትንሽ ነው እንዳትሉ፤ ለአንዳንዱ ልጅ የወር ሳሙናው ነው።

ሦስተኛ፣ ስትሳሳቱ ማን ይነግራችኋል? የነገራችሁንስ ሰው በማግሥቱ ሰላም ትሉታላችሁ?

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር ልለምን። የማኅበሩ አማካሪ ሆናችሁ የምትመደቡት ምርጫው ካለቀ በኋላ ነው። ዕጩዎቹ ፊት ለፊት ተጠይቀው የሚመልሱበት አንድ ከሰዓት ብትፈቅዱልን ትልቅ ነገር ነው። ያለዚያ የምንመርጠው ያው በተለጠፈው ፎቶ ይሆናል።

ኦባማ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመጡ፣ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ውስጥ ድንቅነሽን ሲጎበኙ የተነሡትን ፎቶ ብዙዎቻችን አይተነዋል። እኔም ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ፤ አልዋሽም፣ ደስ ይላል። ያ የጥር 12 ምሽትም ደስ የሚል ምሽት ነበር። ደስታውን ማንም አይወስድብኝም። ፍርዴን ግን ዳግመኛ ለፎቶ አልሰጥም። በሚቀጥለው ወር ድምፅ ልሰጥ ስሰለፍ የማስታውሰው መጽሔት ውስጥ ያልገባውን የዚያን ልጅ ፎቶ ነው።

ቸር ያሰንብተን።